የኳስ ተጫዋች ልብና የወላጅ ጥንቃቄ

ከሥራ ሰዓት በኋላ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የምትመለሱ ሁሉ፣ በየሜዳው ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ሳታዩ አታልፉም። ከእነርሱም መካከል አንዱ የራሳችሁ ልጅ ይሆናል። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ልጁ እግር ሳይሆን ስለ ልቡ ነው።

ፋብሪስ ሙዋምባ በኪንሻሳ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር ያደገ፣ ለቦልተን ክበብ የሚጫወት ብርቱ ወጣት ነበረ። መጋቢት 8 ቀን 2004 ዓ.ም. ክበቡ በለንደን ከቶተንሃም ጋር ሲጋጠም፣ ማንም ሳይነካው በድንገት በሜዳው ላይ ወደቀ። ልቡ ቆሞ ነበር። ከተመልካቾቹ መካከል የነበረ አንድ የልብ ሐኪም ወደ ሜዳው ወርዶ ረዳቸው፤ ደረቱን እየተጫኑ፣ ልቡንም በኤሌክትሪክ እየቀሰቀሱ ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። ልቡ በራሱ ኃይል መምታት የጀመረው ከ78 ደቂቃ በኋላ ነው። ሙዋምባ ከሞት ተረፈ፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፣ በ24 ዓመቱ፣ በሐኪሞች ምክር ከኳስ ተሰናበተ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ልብ የሚመታው ከራሱ ውስጥ በሚነሣ ረቂቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ይህ ኃይል ሥርዓቱን ሲያጣ ልብ ይንቀጠቀጣል እንጂ ደም አይረጭም፤ አንጎልም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። የዴንማርኩ ክርስቲያን ኤሪክሰን ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮፐንሃገን እንዲሁ በወደቀ ጊዜ፣ እርዳታው ፈጥኖ ስለ ደረሰለትና ልቡን የሚጠብቅ መሣሪያ በሰውነቱ ውስጥ ስለ ተተከለለት በ2014 ዓ.ም. ወደ ጨዋታው ተመልሷል።

በአገራችን ግን የብዙ ወጣቶችን ልብ የሚጎዳው በሽታ አጀማመሩ ከዚህ የተለየ ነው። መነሻው ተራ የሚመስል የጉሮሮ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተሕዋስ ያመጣው ቁስለት ሳይታከም ሲቀር፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ እብጠት ይነሣል። ሰውነት ተሕዋሱን ለመውጋት ያዘጋጀው ኃይል ተሳስቶ የገዛ ልቡን በር ይወጋል። በሩም በጊዜ ብዛት ይጠብባል፤ ወይም በደንብ መዝጋት ይሳነዋል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ማለት ልጁ ኳስ በሚወድበት ጊዜ ነው።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይገባል? ልጁ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥሉን ማስቆረጥ መድኃኒት አይደለም፤ ጉዳት ግን ያመጣል። ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ማስመርመር፣ ሐኪም ፔኒሲሊን ቢያዝለትም ሳያቋርጡ ማስጨረስ ይገባል። በሽታው አንድ ጊዜ ልቡን ከነካውም፣ እንዳይደገም በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠውን መርፌ ለዓመታት ማስቀጠል ያስፈልጋል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የሕፃናት ልብ ሕክምና ማዕከል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቢቋቋምም፣ የቀዶ ጥገናው ወረፋ ረጅም፣ ወጪውም ከባድ ነው፤ በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ግን ዋጋው ትንሽ ነው።

ደግሞም ልጃችሁ ሲሮጥ ከእኩዮቹ ይልቅ ቶሎ የሚደክም፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ደረቱን የሚያመው ቢሆን፣ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትገሥጹት። በጨዋታ ላይ ሳለ ራሱን ቢስት፣ ቢነቃም እንኳ ሳይመረመር ወደ ሜዳ አይመለስ። ወድቆ የማይነቃና የማይተነፍስ ከሆነም እርዳታ እያስጠራችሁ፣ ሐኪም እስኪደርስ ድረስ የደረቱን መካከል ፈጠን አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ተጫኑ።

ሙዋምባን ከሞት ያተረፈው የዕውቀትና የፍጥነት መገናኘት ነው። በየሰፈራችን ሜዳ ዳር የልብ ሐኪም አይገኝ ይሆናል፤ የሚያስተውል ወላጅ ግን ሊኖር ይችላል።