ትርፍ ሁሉ ገንዘብ አይደለም

ሰኔ 30 ቀን የበጀት ዓመቱ ከተዘጋ ከጥቂት ወራት በኋላ የባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሒሳብ መግለጫ በየጋዜጣው ላይ ይወጣል። አብዛኛው አንባቢ ግን ያን በቁጥር የተሞላ ገጽ አይቶ እንዳላየ ሆኖ ያልፈዋል። ምክንያቱ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፤ «ይኸ የሒሳብ ሠራተኞች ጉዳይ ነው» ብሎ ይመልሳል።

እኛ በዚህ አሳብ አንስማማም። ዛሬ ትምህርቱን ጨርሶ በመሥሪያ ቤት የተቀጠረ ወጣት ነገ የቁጠባና ብድር ማኅበር የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ሆኖ ይመረጣል፤ በሰፈሩ የእድር ገንዘብ ያዥ ይሆናል፤ ከደመወዙ ቆጥቦ አክሲዮን ይገዛል፤ ለወዳጁም ብድር ዋስ ይሆናል። በዚህ ሁሉ የሚፈለገው ፊርማው ነው። አንብቦ ያልተረዳውን የሚፈርም ሰው ደግሞ የማያውቀውን ዕዳ እንደሚሸከም የታወቀ ነው። ስለዚህ የሒሳብን መግለጫ ማንበብ ፊደልን እንደ መለየት ያኽል ለሁሉም የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው እንላለን።

ዕውቀቱ አዲስ አይደለም። የኢጣልያ ከተሞች ነጋዴዎች እያንዳንዱን ሥራ በሁለት ወገን የመመዝገብን ልማድ አስቀድመው ያውቁት ነበር። ሉካ ፓቾሊ የተባለ የፍራንቸስኮስ ማኅበር መነኵሴና የሒሳብ መምህር ይኸንኑ ልማድ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1494 ዓ.ም. በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ዘርዝሮ ጻፈው። አመዘጋገቡን የፈጠረው እርሱ አይደለም፤ ነገር ግን ከነጋዴዎች ጓዳ አውጥቶ ለተማሪ ሁሉ እንዲዳረስ አደረገው። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራውም ሒሳብ ቢሆን ከዚያ መሠረት አልወጣም።

መሠረቱም ይኸ ነው፤ ሀብት ከዕዳና ከካፒታል ድምር ጋራ እኩል ነው። ሀብት ማለት ድርጅቱ በእጁ ያለው ወይም ከሌላ ሰው የሚሰበስበው ንብረት ነው። ዕዳ ለሌላ ሰው የሚከፈል ነው። ካፒታል ደግሞ ዕዳው ሁሉ ቢከፈል ለባለቤቱ የሚተርፈው ነው። አንዱ ወገን ሲነካ ሌላውም ይነካል፤ ሚዛኑ ግን ሁልጊዜ እኩል ሆኖ ይቆማል።

ነገሩ በምሳሌ ይገለጥልን ዘንድ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በአሳባችን እንክፈት። ባለቤቱ ከራሱ 200,000 ብር አወጣ፤ ከባንክም 100,000 ብር ተበደረ። ከዚህ ላይ በ100,000 ብር የፎቶ ኮፒ መሣሪያ፤ በ150,000 ብር ደብተርና ወረቀት ገዛ። በእጁ 50,000 ብር ቀረ።

በዓመቱ ውስጥ በ130,000 ብር የተገዛውን ዕቃ በ220,000 ብር ሸጠ። ከዚህ ሽያጭ 90,000 ብሩን በእጅ ተቀበለ፤ 130,000 ብሩን ግን ለልዩ ልዩ ድርጅቶች በዱቤ ሰጠ። ለቤት ኪራይና ለሠራተኛ 40,000 ብር፤ ለባንክ ወለድ 15,000 ብር ከፈለ። የፎቶ ኮፒው መሣሪያ አምስት ዓመት ያገለግላል ቢባል በየዓመቱ 20,000 ብር ያኽል ያረጃል፤ ይኸም የእርጅና ቅናሽ ይባላል። ከዕቃው ሽያጭ የተገኘው ጥቅል ትርፍ 90,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ 40,000፤ 15,000ና 20,000 ብር ሲቀነስ፤ ግብር ሳይታሰብ፤ 15,000 ብር የተጣራ ትርፍ ይገኛል። ይኸን የሚነግረን የትርፍና ኪሣራ መግለጫ ነው።

ባለቤቱ አተረፍሁ ብሎ ቢደሰት አይፈረድበትም። ነገር ግን ከባንኩ ዋና ዕዳ 50,000 ብር መልሷል፤ በ30,000 ብርም ተጨማሪ ዕቃ ገዝቷል። እነዚህ ሁለቱ ከትርፉ ላይ የሚቀነሱ ወጪዎች አይደሉም፤ ከካዝናው ግን ወጥተዋል። የእርጅናው ቅናሽ ደግሞ በአንጻሩ ትርፉን ቀነሰው እንጂ ከካዝና አንድ ሳንቲም አላስወጣም። በእጅ ከነበረው 50,000 ብር ላይ የተቀበለው 90,000 ብር ተደምሮ፤ የከፈለው ሁሉ ሲቀነስ የቀረው 5,000 ብር ብቻ ነው። ይኸን የሚያሳየን የገንዘብ ፍሰት መግለጫ ነው።

በዓመቱ መጨረሻ የተዘጋጀው የሀብትና ዕዳ መግለጫ እንደሚከተለው ይሆናል። ጥሬ ገንዘብ 5,000፤ ከባለ ዕዳዎች የሚሰበሰብ 130,000፤ ያልተሸጠ ዕቃ 50,000፤ መሣሪያው ከእርጅናው ቅናሽ በኋላ 80,000፤ በጠቅላላው 265,000 ብር። በሌላው ወገን የባንክ ዕዳ 50,000፤ ካፒታል ከትርፉ ጋራ 215,000፤ ይኸም 265,000 ብር። ሚዛኑ ልክ ነው።

እንግዲህ አስተዋይ አንባቢ የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው። በሚቀጥለው ወር ለባንኩ 20,000 ብር መክፈል ቢያስፈልግ ከወዴት ይመጣል? ሀብቱ አለ፤ ነገር ግን ግማሽ ያኽሉ ያለው በሰው እጅ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ እንደ ተባለው መሆኑ ነው። ደግሞም ከባለ ዕዳዎቹ አንዱ 30,000 ብር ሳይከፍል ቢቀር 15,000 ብር የነበረው ትርፍ 15,000 ብር ኪሣራ ይሆናል። ብዙ ድርጅቶች የሚወድቁት ሥራ አጥተው ሳይሆን እያተረፉ ጥሬ ገንዘብ አጥተው ነው። የትርፉን ቁጥር ብቻ አይቶ አክሲዮን የሚገዛ ወይም ዋስ የሚሆን ሰው ይኸን አደጋ አያየውም።

የባንክን መግለጫ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። እኛ በባንክ ያስቀመጥነው ገንዘብ ለእኛ ሀብት ነው፤ ለባንኩ ግን ስንጠይቀው የሚመልስልን ዕዳ ነው። ባንኩ ለሌሎች ያበደረው ደግሞ የባንኩ ሀብት ሆኖ ይጻፋል። ስለዚህ የባንኩ ሀብት ይኸን ያኽል ቢሊዮን ሆነ ሲባል፤ ከዚህ ውስጥ ብድሩ ምን ያኽል ነው፤ ከብድሩስ በወቅቱ የማይመለሰው ስንቱ ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በማንበብ ጊዜ ቅደም ተከተል መያዝ ይጠቅማል። በመጀመሪያ የውጭ ኦዲተሩን አስተያየት ማየት ነው። አስተያየቱ ነቀፌታ የሌለበት፤ ከጥቂት ጉዳዮች በስተቀር ትክክል የሆነ፤ ተቀባይነት የሌለው ወይም አስተያየት ለመስጠት ያልተቻለበት ሊሆን ይችላል። ነቀፌታ የሌለበት ማለት ቁጥሮቹ በደንቡ መሠረት በአግባቡ ቀርበዋል ማለት እንጂ ድርጅቱ ለመጪው ጊዜ አስተማማኝ ነው ማለት አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ የዘንድሮውን ካምናው ጋራ ማስተያየት ነው፤ ሽያጩ ጥቂት ጨምሮ የሚሰበሰበው ዱቤ በእጥፍ ካደገ ምክንያቱ ሊጠየቅ ይገባል። በሦስተኛ ደረጃ ከመግለጫው ኋላ በትናንሽ ፊደል የተጻፉትን ማብራሪያዎች ማንበብ ነው። በፍርድ ቤት የተያዘ ክስ፤ ለሌላ የተሰጠ ዋስትናና በመያዣ የተያዘ ንብረት ብዙውን ጊዜ የሚገኙት በዚያ ነው።

አገራችንም ይኸን ጉዳይ በሕግ ደንግጋለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ እንዲይዙ ያዝዝ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ የንግድ ሕግ ተተክቷል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 847 ደግሞ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ የሪፖርት ደረጃ እንዲያቀርቡ መሠረት ጥሏል። በ2017 ዓ.ም. የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ሥራ ስለ ጀመረ፤ አክሲዮን መግዛትና መሸጥ ከእንግዲህ ወዲህ የጥቂቶች ሥራ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ሕጉ መግለጫው እንዲወጣ ያዛል፤ የወጣውን የማንበቡ ፋንታ ግን የእያንዳንዳችን ነው።

ለመማር የሚሻ ወጣት ብዙ ወጪ አያስፈልገውም። የአንድ ወር ደመወዙንና ወጪውን በደብተር ላይ በሁለት ወገን ይጻፍ፤ ያለውን ንብረትና ያለበትን ዕዳም ለይቶ ሚዛኑን ያውጣ። ከዚያም በኋላ አንድ የታተመ መግለጫ ይዞ በየቀኑ አንድ መስመር እየመረጠ፤ «ይኸ ቍጥር ከየት መጣ? ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚለወጠውስ መቼ ነው?» እያለ ይመርምር። ሁለት ጓደኞች አብረው ቢያደርጉት ደግሞ የተሻለ ነው፤ አንዱ ያለፈውን ሌላው ያስተውለዋልና።

ይኸን የለመደ ሰው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ «ሒሳቡ ይጽደቅ?» ተብሎ ሲጠየቅ እጁን ለማውጣት አይቸኩልም። አስቀድሞ የሚሰበሰበው ዕዳ ምን ያኽል እንደ ሆነ ይጠይቃል። አንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ በጊዜው ቢነሣ የብዙ ሰው ላብ የተጠራቀመበትን ገንዘብ ከጥፋት ያድናል።