የቴሌኮንቨርተር ሒሳብ

ኒደርራድ ከማይን ወንዝ በስተደቡብ ያለች የፍራንክፈርት ሰፈር ናት፤ እስከ 1900 እ.ኤ.አ. ድረስ ራሷን የቻለች መንደር ነበረች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ነፋስ ከምዕራብ በሚነፍስበት ቀን ወደ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርዱት አውሮፕላኖች ከሰፈሯ በስተደቡብ በተዘረጋው የከተማ ደን ላይ ያልፋሉ፤ በ2011 የተከፈተው የሰሜን ምዕራብ ማኮብኮቢያ ደግሞ መስመሩን ወደ ሰፈሯ ይበልጥ አስጠግቶታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ1958 ጀምሮ የሚመላለሰው ወደዚሁ ማረፊያ ነው። ከኒደርራድ ደቡባዊ ጫፍ ሆኖ ለሚመለከት ሰው የማለዳው አውሮፕላን ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ያልፋል እንበል። ኤርባስ ኤ350-900 ርዝመቱ 67 ሜትር ገደማ ነው። በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲነሳ ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ምስሉ 11 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ የሴንሰሩ ስፋት ግን 36 ሚሊ ሜትር ነው። ከፎቶው ስፋት ሁለት ሦስተኛው ባዶ ሰማይ ሆኖ ይቀራል። ቀርቦ ለማንሳት ደግሞ መንገድ የለም፤ አውሮፕላኑ ያለው ሰማይ ላይ ነው። ብዙ ፎቶ አንሺዎች ቴሌኮንቨርተር የሚባለውን ትንሽ ዕቃ ማሰብ የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው። እኔ የምሟገተው ግን ዕቃው ብዙዎች የሚጠብቁትን ሥራ እንደማይሠራ፣ የሚሠራው ሥራ ደግሞ አስቀድሞ ሊሰላ እንደሚችል ነው።

ቴሌኮንቨርተር በካሜራው አካልና በሌንሱ መካከል የሚገባ አጭር ቀለበት ነው፤ ውስጡ ብርሃንን የሚበትኑ ሌንሶች አሉት። ዋናው ሌንስ ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ አንድ ነጥብ ሲያወርድ ኮንቨርተሩ መሐል ገብቶ የመሰብሰቢያውን ማዕዘን ያጠብበዋል፤ ስለዚህ ምስሉ ተለቅ ብሎ ሴንሰሩ ላይ ይወድቃል። ሐሳቡ ከፎቶግራፍ ይቀድማል ማለት ይቻላል፤ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ፒተር ባርሎው በ1830ዎቹ ለቴሌስኮፕ ያቀረበው፣ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ሌንስ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ገበያ ላይ የሚዘወተሩት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው 1.4 እጥፍ፣ ሌላው 2 እጥፍ የሚያጎሉ። 400 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ በመጀመሪያው 560፣ በሁለተኛው 800 ይሆናል። 1.4 የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በራሱ ሲባዛ ወደ 2 ስለሚጠጋ ነው። ምስሉ በጎንም በቁመትም 1.4 እጥፍ ሲሰፋ የያዘው ቦታ እጥፍ ይሆናል፤ ብርሃኑ ግን ያው ነው፤ አንድ ጭልፋ ሊጥ ሰፋ ያለ ምጣድ ላይ ሲዞር እንጀራው እንደሚሳሳ ምስሉም ይደበዝዛል። ስለዚህ ኤፍ 5.6 የነበረው ሌንስ በ1.4ቱ ኤፍ 8፣ በ2ቱ ኤፍ 11 ይሆናል። አይኤስኦው 800 ላይ የነበረ ፎቶ አንሺ የሹተሩን ፍጥነት ሳይቀንስ ለመሥራት ወደ 1600 ወይም ወደ 3200 መውጣት አለበት። የአዲስ አበባው በረራ ማለዳ ለሚደርስባት ከተማ ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም፤ በብርዱ ወራት በዚያ ሰዓት ገና ጨለማ ነው።

የመጀመሪያውና ጠንካራው ተቃውሞ ከዚሁ ይነሳል። ብርሃኑ ያው ከሆነ፣ ያለ ኮንቨርተር አንስቶ በኋላ ኮምፒውተር ላይ መከርከም (ክሮፕ ማድረግ) ምን ያጎድላል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ጊዜም መልሱ «ምንም» ነው። ከአውሮፕላኑ ተነስቶ ወደ ካሜራው የሚገባው ብርሃን የሚወሰነው በሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ለ400 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5.6 ሌንስ ይህ ቀዳዳ 71 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ኮንቨርተሩ ከኋላ ስለሚገባ ቀዳዳውን አያሰፋውም። በኮንቨርተር የተነሳውና የተከረከመው ፎቶ እኩል መጠን ላይ ጎን ለጎን ሲታዩ የብርሃን ጉድለቱ የሚያመጣው ሸካራነት ተቀራራቢ ነው፤ «ኮንቨርተሩ ፎቶዬን አሻከረው» የሚለውም ሆነ «ክሮፑ አበላሸው» የሚለው ሰው የሚከሱት አንድ ጥፋተኛ ነው፤ የብርሃን ማነስ። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። 71 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ሌንስ፣ ንጹሕና ጸጥ ያለ አየር ቢያገኝ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ እርስ በርስ በ2.4 ሴንቲ ሜትር የተራራቁ ሁለት ነጥቦችን ሊለይ ይችላል፤ ይህ የብርሃን ሕግ የሚፈቅደው ጣሪያ ነው። ሴንሰሩ ግን ያን ያህል አያይም። 24 ሚሊዮን ፒክስል ባለው ሴንሰር ላይ እያንዳንዱ ፒክስል 6 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ፣ በዚያ ርቀት አንዱ ፒክስል ወደ 4 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ የአውሮፕላን አካል ይሸፍናል፤ ሁለት ነጥብ ለመለየት ቢያንስ ሁለት ፒክስል ስለሚያስፈልግ የሴንሰሩ ገደብ 7.5 ሴንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ ሌንሱ 2.4 ሊለይ ሲችል ሴንሰሩ 7.5 ብቻ ይመዘግባል። ኮንቨርተር የሚሠራው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። 2 እጥፍ የሚያጎላው የሴንሰሩን ገደብ ወደ 3.75 ያወርደዋል፤ ከአውሮፕላኑ ጎን የተጻፈው የምዝገባ ምልክት ይበልጥ ጥርት ብሎ የሚነበበው ያኔ ነው። ክሮፕ ግን ያልተመዘገበውን አይመልስም። ዛሬ ፎቶ የሚያጎሉ ሶፍትዌሮች የጎደለውን ይሞላሉ ቢባልም የሚሞሉት በግምት ነው፤ ፊደሉ ኤ ይሁን ኤች ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ግምት መረጃ አይሆንም።

ስሌቱ በሌላ በኩል ደግሞ ኮንቨርተሩን ከብዙ ቦርሳ ያስወጣዋል። ፎቶው መጨረሻ የሚታየው ስልክ ላይ ከሆነ 11 ሚሊ ሜትር የማይሞላው አውሮፕላን በዚያው 24 ሚሊዮን ፒክስል ባለው ሴንሰር ላይ 1,800 ያህል ፒክስል ርዝመት አለው፤ ለስልክ ከበቂ በላይ ነው። ሴንሰሩ 45 ሚሊዮን ፒክስል ካለው ደግሞ ገደቡ ያለ ኮንቨርተርም ወደ 5.5 ሴንቲ ሜትር ስለሚወርድ የሚተርፈው ክፍተት ከበፊቱ ይጠብባል። ከዚያ ሌንሱ ራሱ አለ። ኮንቨርተር ምስሉን ሲያጎላ የሌንሱን ጉድለትም አብሮ ያጎላል፤ ዳር ላይ የሚታየው የቀለም ጭረት፣ የኮንትራስት መላላት፣ ሁሉም አብሮ ጎልቶ ይታያል። ከካሜራ ጋር በርካሽ የሚመጣ ዙም ሌንስ ገና ድሮ ከጣሪያው በታች ስለሚቆም ለእርሱ ኮንቨርተር መግዛት ብዥታን አጉልቶ ለማየት መክፈል ነው። ደግሞም በብዙ ሌንሶች ጀርባ ጨርሶ አይገባም፤ የኮንቨርተሩ የፊት መስታወት ወደ ውጭ ስለሚወጣ ከሌንሱ የኋላ መስታወት ጋር ይጋጫል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሦስተኛው ገደብ አየሩ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ማለት ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል አየር ማለት ነው፤ ፀሐይ ያሞቀው መሬት፣ አስፋልትና ጣሪያ የሚልኩት የሞቀ አየር ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ ብርሃኑን ያወዛውዘዋል። በበጋ ቀትር በከተማው ጣሪያዎች ላይ አሻግሮ የሚያነሳ ሰው ያ 2.4 ሴንቲ ሜትር የሚለው ጣሪያ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳለ ወዲያው ያያል። ይህን ማንኛውም መስታወት አይፈውሰውም፤ ረዥሙና ውዱ ሌንስም ቢሆን። መፍትሔው ሰዓት መምረጥ ነው። መሬቱ ሳይሞቅ በጠዋት፣ ወይም ዝናብ ከጣለ በኋላ። ዝናብ አየሩን ሲያጥብ ለአውሮፕላን አንሺ ትልቁ ቴሌኮንቨርተር እርሱ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

«ቀርበህ አንሳ፤ እግር ካለህ ኮንቨርተር ለምን?» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ በከፊል ትክክል ነው፤ ትክክል የሆነበትንና ያልሆነበትን ቦታ ኒደርራድ ራሷ ታሳያለች። በየጥቅምቱ መጨረሻ የሚካሄደው የፍራንክፈርት ማራቶን በዚህች ሰፈር ያልፋል። ማሚቱ ዳስካ በ2011፣ መሰለች መልካሙ በ2012፣ መስከረም አሰፋ በ2018 ያሸነፉበት ውድድር ነው። ሯጮቹ መንገድ ዳር ከቆመ ሰው በጥቂት ሜትር ርቀት ስለሚያልፉ እዚህ ኮንቨርተር ማውጣት ብርሃንን ያለ ምክንያት መጣል ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ለጭላዳም እንዲሁ ነው፤ መንጋው ሣር ሲነጭ ሰው ቀረብ ብሎ ቢቀመጥ ግድ አይሰጠውም። ዋልያ ግን ገደል ማዶ ነው። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ቀርቦ ማንሳት ቢቻል እንኳ መቅረብ የማይገባው አውሬ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ሲሆን እዚያ በጥበቃ ሥራ ላይ ለዓመታት ከቆዩት ድርጅቶች አንዱ ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚህችው ፍራንክፈርት ከተማ ያለው የፍራንክፈርት የሥነ እንስሳት ማኅበር ነው። ቀበሮው ሳነቴ አምባ ላይ ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ አድፍጦ ሲጠብቅ አንድ ሰው ሃያ እርምጃ ቢቀርበው የጠዋት አደኑ ይበላሻል። እዚህ ኮንቨርተሩ የሚገዛው ርቀትን ነው፤ ርቀቱም ለአውሬው ነው የሚጠቅመው። የባሌ ከፍታም ከጎኑ ይቆማል፤ በ4,000 ሜትር ላይ ማለዳ አየሩ ቀዝቃዛና ንጹሕ ስለሆነ ከቆላ ሜዳ ይልቅ የሌንሱ ጣሪያ በተግባር ሊደረስበት ይችላል። ብርሃኑ ገና ደካማ መሆኑ ግን አይቀርም፤ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ቀበሮ በቀስታ ሹተር ቢነሳም ይሠራል፤ ሲዘል ግን የሴኮንድ አንድ ሺኛ ስለሚፈልግ 2 እጥፉን አውልቆ ወደ 1.4 መውረድ ብልህነት ነው።

«ከዚህ ሁሉ ሒሳብ ረዥም ሌንስ መግዛት አይሻልም?» ለሚል፣ ይሻላል፤ ገንዘቡና ትከሻው ካለ። 600 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4 ሌንስ ቀዳዳው 150 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቀድሞ ከተጠቀሰው 71 ሚሊ ሜትር ከአራት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል፤ ይህን ምንም ኮንቨርተር አይተካውም። ግን ክብደቱ ከ3 ኪሎ ይበልጣል፤ የኒኮን 1.4 ኮንቨርተር 220 ግራም ነው። ሌንስ ከውጭ በመንገደኛ ሻንጣ ለሚገባበት የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ ይህ ልዩነት የዋጋ ብቻ ሳይሆን የማግኘትና ያለማግኘት ጉዳይ ነው። ሰሪዎቹም ቢሆኑ ነገሩን እንደ ድሃ መፍትሔ አያዩትም፤ ካኖን በ2013 በ200-400 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ውስጥ 1.4 ኮንቨርተር ከነመዘወሪያው አብሮ ገጠመ፤ ኒኮንም በ2022 በ400ና በ600 ሚሊ ሜትር ሌንሶቹ ላይ ያንኑ አደረገ። ስታዲየም ውስጥ የሚሠራ ሰው ኳሱ ወደ ሩቁ ጎል ሲሄድ ካሜራውን ከዓይኑ ሳያወርድ መዘወሪያውን በአውራ ጣቱ ብቻ ይገፋል። የድሮ ክስ የነበረው አውቶፎከስም ዛሬ ጥርሱ ወልቋል። መስታወት ያላቸው የቀድሞ ካሜራዎች ከኤፍ 5.6 ወይም ከኤፍ 8 ባለፈ ትኩረታቸውን ይስቱ ነበር፤ መስታወት አልባዎቹ ግን በኤፍ 11 እና ከዚያም በላይ ያነጣጥራሉ፤ ብርሃኑ ሲመነምን ግን ፍጥነታቸው ይቀንሳል።

እንግዲህ መግዛት የሚያስብ ሰው ከሰው ተውሶ ወይም ሱቅ ውስጥ አንድ ፈተና ቢያደርግ ይበቃዋል። ካሜራውን ጠንካራ ትሪፖድ ላይ አቁሞ፣ በጠዋት ቀዝቃዛ አየር፣ ራቅ ያለ የሱቅ ጽሑፍ ያለ ኮንቨርተር ያንሳ፤ ከዚያ ኮንቨርተሩን ገጥሞ አይኤስኦውን እያስተካከለ ያንኑ ይድገም። የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛውን እስኪያክል አጉልቶ ፊደሎቹን ያወዳድር። በመጀመሪያው ላይ የማይነበብ ፊደል በኮንቨርተሩ በተነሳው ላይ ከተነበበ በሌንሱና በሴንሰሩ መካከል ያልተሠራበት ክፍተት አለ ማለት ነው፤ ገንዘቡ ዋጋ አለው። ሁለቱ ፎቶዎች እኩል ከደበዘዙ ግን ገደቡ ሌንሱ ነውና ዕቃውን ለባለቤቱ ይመልስ፤ ገንዘቡን ለተሻለ ሌንስ ያስቀምጥ።