ትልቁን ቲቪ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰሞኑን ከሪያድና ከጅዳ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ከሚሴ ለእናቴ ቤት 65 ኢንች ይሻላል ወይስ 75?» ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ላስረዳ።

ትልልቅ ስክሪን እንዲህ የበዛው በመስታወት ምክንያት ነው። የቲቪ ፓነል የሚቆረጠው ከአንድ ትልቅ መስታወት ላይ ነው። ቀደም ባሉት ፋብሪካዎች መስታወቱ 2.2 በ2.5 ሜትር ስለነበር ከአንዱ ሦስት ባለ 65 ኢንች ብቻ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ቢኦኢ የተባለው የቻይና ኩባንያ ሄፌይ ከተማ ውስጥ 2.94 በ3.37 ሜትር መስታወት የሚጠቀም ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። ከዚያ መስታወት ስምንት ባለ 65 ወይም ስድስት ባለ 75 ይቆረጣል፤ ብክነቱም ትንሽ ነው። ሌሎች የቻይና አምራቾች ተከተሉ፤ ዋጋውም ወረደ። ሳምሰንግ የኤልሲዲ ፓነል ማምረቱን እ.ኤ.አ. በ2022 ተወው፤ የጃፓኑ ሻርፕም የሳካይ ፋብሪካውን በ2024 አቆመ። እ.ኤ.አ. በ2008 ፓናሶኒክ ባለ 150 ኢንች ፕላዝማ ሲያሳይ ዕቃው የኤግዚቢሽን መደነቂያ ነበር። አሁን ቲሲኤል 115 ኢንች ለመኖሪያ ቤት ይሸጣል።

መስታወቱ ረከሰ ማለት ግን ከሚሴ ላይ ረከሰ ማለት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በብር ደመወዝ ለሚኖር መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ 65 ኢንች ራቀ። በሪያል ለሚያገኝ ግን አልራቀም። ስለዚህ እኔ እንደማየው በኛ ዞን፣ ከሰንበቴ እስከ ባቲ፣ የትልቁ ስክሪን ዋነኛ ገዢ ዓረብ አገር ሰው ያለው ቤት ነው። ልጅቷ ሰው ቤት ሠርታ ለላከችው ገንዘብ ክብር ስላለኝ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ሌላው ገዢ ኳስ ማሳያ ቤት ነው። እሱ ገንዘቡን ከየጨዋታው መግቢያ ስለሚመልስ 75 ቢገዛም ተገቢ ነው። ለእሱ የምመክረው ሁለት ነገር ነው፦ ሰው ግራና ቀኝ ስለሚቀመጥ ከጎን ሲታይ ቀለሙ የማይሸሽ ፓነል ይምረጥ፤ ኦሌድ ደግሞ ይቅርበት። ቀኑን ሙሉ ጥግ ላይ የሚቆም የጣቢያ ምልክት ኦሌድ ላይ እየቆየ ጥላ ይተዋል።

ወደ እናቶቻችን ልመለስ። አሁን የሚሸጠው ትልቅ ቲቪ ማለት ይቻላል ሁሉም 4ኬ ነው፤ 8.3 ሚሊዮን ያህል ነጥብ አለው። በዲሽ የሚገባው ተራ ጥራት ያለው ጣቢያ ግን የሚልከው 415 ሺህ ገደማ ነው። ቲቪው ከእያንዳንዷ ነጥብ ሃያ መሥራት አለበት ማለት ነው። ፊት የሚደበዝዘው፣ ጽሑፍ ጠርዙ የሚሻክረው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ጣቢያ በ65 ኢንች ላይ ሳይደበዝዝ ለማየት ከ4 ሜትር በላይ መራቅ ያስፈልጋል፤ ለኤችዲ ግን 2.5 ሜትር ገደማ ይበቃል። ብዙው ሳሎናችን ደግሞ ፍራሽና መከዳ ዙሪያውን ተዘርግቶበት 4 ሜትር አይሞላም። ከ32 ወደ 65 ሲኬድ ስፋቱ አራት እጥፍ እንደሚሆንም አስቡ፤ ግድግዳውን በሙሉ ይይዘዋል።

እናት የምታየው ምንድን ነው? በረመዳን ተራዊሕ ከመካ በቀጥታ፣ ዜና በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ማታ ድራማ። ለዚህ 50 ወይም 55 ኢንች ከበቂ በላይ ነው። የተረፈውን ገንዘብ ኤችዲ ሪሲቨር፣ በደንብ የተስተካከለ ዲሽና ስታብላይዘር ላይ አውሉት። ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ የዓረብኛ ጣቢያዎቹ ሌላ ሳተላይት ላይ ስለሆኑ ሁለቱንም የሚይዝ አሠራር ይሁን። ስታብላይዘሩን ደግሞ አደራ! መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚገባው ኃይል ነው የቲቪን ቦርድ የሚያቃጥለው።

መጓጓዣው ደግሞ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ከአዲስ አበባ ከሚሴ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማበርን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ። ካርቶኑ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጋድሞ ሻንጣ ከተጫነበት ፓነሉ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ፓነል አይጠገንም፤ መለወጫው የቲቪውን ዋጋ ሊጠጋ ምንም አይቀረውም። ስለዚህ ቆሞ ይጫን፤ ከሚሴ ሲደርስም ተከፍቶና በርቶ ሳይታይ «ተረክቤያለሁ» ተብሎ አይፈረም።

አሁንም ያልወሰናችሁ ከፍራሹ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት በሜትር አስለክታችሁ፣ ቤቱ የሚያያቸውን ጣቢያዎች ጨምራችሁ ጻፉልኝ። ኢንቹን እነግራችኋለሁ፣ ኢንሻአላህ።