የተማሪዎች ውጤት፦ በትክክለኛ ነጥብ ወይስ በጥቅል እርከን? ወላጆች ካርድ ሲቀበሉ ሊያውቁት የሚገባ

የመንፈቀ ዓመቱ ትምህርት ተጠናቆ ተማሪዎች የውጤት መግለጫ ካርዳቸውን ይዘው ወደ ቤት ሲመለሱ የብዙ ወላጆችና አሳዳጊዎች ዓይን በቅድሚያ የሚያርፈው ድምር፣ አማካይና ደረጃ በሚሉት ሦስት መስመሮች ላይ ነው። ባለፈው መንፈቀ ዓመት 78 ያመጣ ልጅ አሁን 75 ካመጣ ሰነፈ ተብሎ ይወቀሳል፤ ከክፍሏ 20ኛ የነበረችው 29ኛ ከወጣች ደግሞ ወደ ኋላ እንደቀረች ይቆጠራል። ይሁንና እነዚህ ልዩነቶች ሁልጊዜ የእውቀት ልዩነት አይደሉም። የተማሪ ውጤት እስከ ነጠላ ነጥብ ድረስ ተለይቶ ይገለጽ ወይስ በጥቅል እርከን ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ የሚነሳውም ከዚህ የተነሳ ነው።

ሁለቱም አሠራሮች በአገራችን የሚታወቁ ናቸው

ከዛሬ ወላጆች መካከል ብዙዎቹ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤታቸውን የተቀበሉት ከኤ እስከ ኤፍ ባሉ ፊደላት ነበር። ፊደላቱ ወደ አማካይ ነጥብ ተቀይረው ከፍተኛው 4 ስለነበር «አራት ነጥብ አመጣ» የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ የጉብዝና መግለጫ ሆኖ ቀርቷል። ዩኒቨርሲቲዎችም የተማሪዎቻቸውን ውጤት በፊደል ይመዘግባሉ። በአንጻሩ የትምህርት ቤት ካርድና የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ከ100 በሚታሰብ ነጥብ ይገለጻል። በመሆኑም አንድ ተማሪ በትምህርት ዘመኑ ሁለቱንም አሠራሮች ማየቱ አይቀርም።

የትክክለኛ ነጥብ ጠቀሜታ

ትክክለኛ ነጥብ በውጤቶች መካከል ያለውን መቀራረብና መራራቅ አይደብቅም። ለዚህ በቅርብ ጊዜ የታየ ምሳሌ አለ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3 ነጥብ 3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ውጤቱ «አለፈ» ወይም «አላለፈ» ተብሎ ብቻ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ 49 በመቶ ያመጣውና 20 በመቶ ያመጣው በአንድ ረድፍ ይቀመጡ ነበር። ከ50 በመቶ በታች ካመጡት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸውን ለይቶ በአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተጨማሪ ዕድል መስጠት የተቻለው ዝርዝር ነጥቡ በመኖሩ ነው።

ዝርዝር ነጥብ ስህተትንም ለማረም ይረዳል። መምህሩ ሲደምር አንድ ጥያቄ ቢያልፍ ተማሪው ነጥቦቹን ቆጥሮ ማሳየት ይችላል። ውጤቱ «ጥሩ» በሚል ቃል ብቻ ቢገለጽ ግን ስህተቱ የት እንደተፈጠረ ለማግኘት አዳጋች ይሆናል።

ነጥብ ትክክለኛ ቢመስልም ወሰን አለው

ሁለት ተማሪዎች 20 የምርጫ ጥያቄዎች ያሉትን ፈተና ይፈተናሉ እንበል። ሁለቱም 16ቱን ጥያቄዎች በእርግጠኝነት ያውቃሉ፤ የቀሩትን 4 ግን አያውቁም፤ ስለዚህ በግምት ይመልሳሉ። አንደኛው ከ4ቱ አንዱንም ሳያገኝ ቢቀር ውጤቱ ከ100 ሲሰላ 80 ይሆናል። ሁለተኛዋ ዕድል ቀንቷት 2ቱን ብታገኝ 90 ታመጣለች። በካርዱ ላይ የ10 ነጥብ ልዩነት ይታያል፤ የእውቀት ልዩነት ግን የለም።

በተጨማሪም በእንዲህ ያለው ፈተና አንድ ጥያቄ 5 ነጥብ ይይዛል። ስለሆነም የ5 ነጥብ ልዩነት የአንድ ጥያቄ ልዩነት እንጂ ሌላ አይደለም። በጽሑፍ በሚመለሱ ጥያቄዎች ላይ ደግሞ አንዱ መምህር 7 የሰጠውን ሌላው 8 ሊሰጠው ይችላል። የፈተናው ክብደት፣ የተማሪው የዕለቱ ጤንነትና የመሳሰሉት ሁኔታዎችም በውጤቱ ላይ የየራሳቸውን አሻራ ያሳርፋሉ።

ደረጃ ይህንን ጥቃቅን ልዩነት ይበልጥ አጉልቶ ያሳያል። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል አማካይ ውጤታቸው ከ71 እስከ 73 የሆነ 10 ተማሪዎች ቢኖሩ፣ 73 ያመጣው 20ኛ ሲሆን 71 ያመጣው 29ኛ ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው ያለው ግን የ2 ነጥብ ልዩነት ብቻ ነው።

ጥቅል እርከን ችግሩን ሙሉ በሙሉ አይፈታም

ጥቅል እርከን ተቀራራቢ ውጤት ያላቸውን ተማሪዎች በአንድ ስፍራ ስለሚያኖር ለአንድና ለሁለት ነጥብ የሚደረገውን ፉክክር ያረግባል፤ የወላጅንም ትኩረት ከቁጥሩ ወደ ትምህርቱ ሊመልስ ይችላል። ችግሩ የሚታየው በእርከኖቹ ድንበር ላይ ነው። በዩኒቨርሲቲዎች በሚሠራበት ስሌት ከ80 እስከ 85 ያልደረሰ ውጤት ኤ ማይነስ፣ 85 የደረሰ ደግሞ ኤ ይሰጠዋል። ስለዚህ 80 እና 84 ያመጡት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ፊደል ሲያገኙ፣ 84 እና 85 ያመጡት ይለያያሉ። የ4 ነጥብ ልዩነት ሲጠፋ የ1 ነጥብ ልዩነት ጎልቶ ይወጣል ማለት ነው። እርከኖቹ እየሰፉና ቁጥራቸው እያነሰ በሄደ መጠን ድንበሩን ለጥቂት ያጣ ተማሪ የሚደርስበት ጉዳት እየከበደ ይሄዳል።

የሌሎች አገሮች ልምድም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አያመለክትም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በ16 ዓመት ዕድሜ አካባቢ በሚሰጠው ፈተና የፊደል እርከኖችን ከ9 እስከ 1 ባሉ ቁጥሮች በመተካት በከፍተኛ ውጤቶች መካከል ያለውን ልዩነት ይበልጥ ለመለየት መርጣለች። ኬንያ ደግሞ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርቷ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ተማሪው ከሚጠበቅበት በላይ መድረሱን፣ የሚጠበቅበትን ማሟላቱን፣ መቃረቡን ወይም በታች መሆኑን የሚገልጹ ጥቅል እርከኖችን ሥራ ላይ አውላለች። ልዩነቱ የሚመነጨው ከዓላማው ነው፤ የመጀመሪያው ተማሪን ለቀጣይ ትምህርት ለመለየት፣ ሁለተኛው ተማሪን ለመደገፍ የሚያገለግል ነው።

ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ይሻላል የሚል ብቻ ሳይሆን ውጤቱ ለምን ውሳኔ ይውላል የሚልም ነው። ውስን ቦታ ለብዙ አመልካቾች በሚደለደልበት ጊዜ ዝርዝር ነጥብ ያስፈልጋል። ልጁ ምን እንደገባውና ምን እንዳልገባው ለማወቅ ግን ነጥቡም ሆነ ፊደሉ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የመምህሩ አስተያየትና የታረመው የፈተና ወረቀት መታየት አለባቸው።

ወላጆችና አሳዳጊዎች ካርድ ሲቀበሉ

• የአንድ መንፈቀ ዓመትን የጥቂት ነጥቦች ለውጥ ለወቀሳም ሆነ ለሽልማት መነሻ ከማድረግ ይልቅ የበርካታ መንፈቀ ዓመታትን አካሄድ ማየት ተገቢ ነው። በተከታታይ እየወረደ የሚሄድ ውጤት ትኩረት ይሻል።

• አማካዩ በአንድ የትምህርት ዓይነት ያለውን ድክመት ሊሸፍን ስለሚችል እያንዳንዱን የትምህርት ዓይነት ለየብቻ መመልከት ይገባል።

• የክፍል ኃላፊ መምህሩን «ስንተኛ ወጣ?» ብሎ ከመጠየቅ ባሻገር «የትኛው ምዕራፍ ከበደው? በቤት ውስጥ በምን እናግዘው?» ብሎ መጠየቅ ልጁን ይበልጥ ይጠቅማል።

• በትምህርት ቤት ውጤት ላይ ጥርጣሬ ሲኖር የታረመውን ወረቀት ይዞ በመጀመሪያ የትምህርት ዓይነቱን መምህር፣ መፍትሔ ካልተገኘ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር ማነጋገር ይቻላል። የብሔራዊ ፈተና ውጤትን የሚመለከት ቅሬታ የሚቀርበው ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ሲሆን፣ ውጤት ሲገለጽ የሚነገረውን የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜ ማክበር ያስፈልጋል።

በድንበር ላይ ላለ ተማሪ አንድ ነጥብ የወደፊት ዕድሉን ሊወስን ስለሚችል በጥንቃቄ ሊታረምና ሊመዘገብ ይገባዋል። በቤት ውስጥ ግን ያው አንድ ነጥብ ልጅን ከልጅ ለማበላለጥ የሚበቃ መለኪያ አይደለም።