የመቐለው በረራ የት ያርፋል?

መቐለ ላይ የባቡር ወሬ ሲነሣ ማጉረምረም ይከተላል፤ አያስገርምም። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የሐራ ገበያ–መቐለ መስመር የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው የካቲት 2007 ዓ.ም. ነበር። የትግራዩ ጦርነት ሲመጣ ሥራው ቆመ፤ የተደለደለው አፈርና የቆመው የድልድይ ምሰሶ ሐዲድ ሳያይ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል። ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. የቢሾፍቱ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ ሲበሠር ደግሞ አዲሱን ከቦሌ የሚያገናኝ 38 ኪሎ ሜትር ፈጣን ባቡር በዕቅዱ ውስጥ መኖሩ ተሰማ። የእኛ መስመር ሜዳ ላይ ቀርቶ እነሱ ከአውሮፕላን ወርደው በባቡር ወደ አውሮፕላን ሊሄዱ ነው የሚለው ቅሬታ ከዚህ የመነጨ ነው። ቅሬታው ይገባል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። የመቐለው መስመር በመንግሥት በኩል የተጀመረ ሲሆን፣ 12.5 ቢሊዮን ዶላር የተገመተለት ቢሾፍቱ ግን 30 በመቶው ከኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ቀሪው የአፍሪካ ልማት ባንክ ከሚያስተባብረው ብድር እንዲመጣ የታሰበ ነው። የቦሌው ባቡር ቢሰረዝ ወደ መቐለው መስመር የሚዞር ሳንቲም የለም። እንዲያውም ከአዲስ አበቤው ይልቅ ይህ ባቡር የሚመለከተው የመቐለውን መንገደኛ ነው።

ደጋፊዎቹ የሚያነሡት ቁጥር የታወቀ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው በመጀመሪያው ምዕራፍ 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ በዓመት ያስተናግዳል፤ ስለዚህ ባቡሩ ጢም ብሎ ይሞላል ይላሉ። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ተደራርቧል። አንደኛው፣ አቅምና ፍላጎት ለየቅል ናቸው። አየር መንገዱ በ2017 የበጀት ዓመት ያጓጓዘው 19 ሚሊዮን ገደማ ነው። 60 ሚሊዮን የሚባለው ሕንፃው ስንት ሰው እንደሚችል እንጂ ስንት ሰው እንደሚመጣ አይነግረንም፤ በመግለጫ ላይ የሚነበብ አቅም ሁሉ እንደ ገቢ ሲቆጠር አይተን ጠግበናል። ሁለተኛውና የከበደው ግን የትራንዚት ነገር ነው። የሕንፃው ነዳፊ ዛሃ ሐዲድ አርኪቴክትስ ራሱ እንዳስታወቀው 80 በመቶ ያህሉ መንገደኛ ከአንዱ በረራ ወደ ሌላው የሚሸጋገር፣ ከግቢው የማይወጣ ነው። ከሌጎስ መጥቶ ወደ ጓንጁ የሚያልፍ ነጋዴ የባቡር ትኬት አይቆርጥም። ስልሳው ሚሊዮን ቢሞላ እንኳ የሚወጣና የሚገባው 12 ሚሊዮን፣ በቀን 33 ሺህ ገደማ ነው። እሱም ቢሆን የሚፈልገው ሜክሲኮን፣ መርካቶን፣ ሲኤምሲን እንጂ የቦሌን ተርሚናል አይደለም።

ታዲያ ከተርሚናል ወደ ተርሚናል በባቡር የሚሄደው ማን ነው? ጉዞው ለሁለት የተቆረጠበት ሰው ብቻ። እንደተነገረው ዓለም አቀፍ በረራው ወደ ቢሾፍቱ ሲዛወር የአገር ውስጡ ቦሌ ይቀራል። ከመቐለው አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ወደ ጅዳ የሚሄድ መንገደኛ ዛሬ ቦሌ ሲደርስ ከአገር ውስጡ ተርሚናል ወደ ጎረቤቱ ተርሚናል በእግሩ ይሻገራል። ነገ ግን ሻንጣውን ከሚዞረው ቀበቶ ላይ አንሥቶ፣ ባቡር ጠብቆ፣ 38 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ እንደገና ተፈትሾ፣ እንደገና ተሰልፎ ነው የሚሳፈረው። የባቡሩን ፍላጎት የፈጠረው የገበያ ዕድገት ሳይሆን በረራዎቹን ለሁለት የከፈለው ውሳኔ ነው። ባቡሩ ያዋጣል ወይ ከማለት በፊት የመቐለው በረራ የት ያርፋል ብሎ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

ፍጥነቱም በተሳሳተ ሚዛን ይመዘናል። 38 ኪሎ ሜትር በሰዓት 200 ለሚበር ባቡር 11 ደቂቃ ተኩል ግድም፣ 120 ለሚሄድ ደግሞ 19 ደቂቃ ነው፤ ልዩነቱ ስምንት ደቂቃ አይሞላም። ባቡሩ በየ30 ደቂቃው የሚነሣ ከሆነ መንገደኛው በአማካይ 15 ደቂቃ ይጠብቃል። በየአሥሩ ደቂቃ ቢነሣ መጠበቁ ወደ አምስት ይወርዳል፤ ያተረፈው አሥር ደቂቃ ውዱ ፍጥነት ከሚያተርፈው ይበልጣል። ሻንጣው መቐለ ላይ ሲመዘን የሚለጠፍበት ወረቀት ጅዳ የሚል ሆኖ በሌላ እጅ ተጭኖ ቢሾፍቱ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሊቆጠብ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚወስነው የባቡሩ ሞተር ሳይሆን የአየር መንገዱና የጉምሩክ አሠራር ነው፤ ሪባን ሲቆረጥ ስለማይታይ ግን ተናጋሪ የለውም።

ካናዳውያን ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ገዝተውታል። ሞንትሪያል እ.ኤ.አ. በ1975 ሚራቤል የተባለውን አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ስትከፍት አብዛኛው ዓለም አቀፍ በረራ ወደዚያ ሄደ፣ የአገር ውስጡ በነባሩ ማረፊያ ዶርቫል ቀረ። ሁለቱን ከከተማው ጋር ያያይዛል የተባለው ፈጣን ባቡር ሳይሠራ ቀረ። ተሸጋጋሪው መንገደኛ ቶሮንቶን መረጠ፤ ሚራቤልም እ.ኤ.አ. በ2004 የመጨረሻውን የመንገደኛ በረራ ሸኘ። በእኛ ሁኔታ አየር መንገዱ በአገር ውስጥ ተፎካካሪ ስለሌለው መንገደኛው ወደ ሌላ ይሸሻል ማለት ከባድ ነው፤ እንግልቱን ግን ይሸከማል።

የአገር ውስጡም በረራ ለምን አብሮ ቢሾፍቱ አይሄድም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከመቐለ የሚነሣው ሰው ብዙው ጉዳዩ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ለእሱ ቦሌ ደጃፍ ነው። በረራዎቹን ለሁለቱ ማረፊያዎች እናካፍል ብንል ደግሞ በቀን ያለው ጥቂት በረራ ወደየአቅጣጫው ተከፍሎ ለሁለቱም ወገን ይሳሳል። ባቡሩን ተገቢ የሚያደርገው ብቸኛው ጠንካራ ምክንያት ይኸው ነው፤ አንድ በረራ ሁለቱንም ዓይነት መንገደኛ እንዲያገለግል ያስችላል። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ አውቶቡስ ይበቃል ለሚሉትም መልሱ ቅርብ ነው፤ መንገዱ ላይ አውቶቡሱ ይፈጥናል፣ ከቦሌ ወጥቶ መንገዱ እስኪገባ ድረስ ያለውን መጨናነቅ ግን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት አይችልም። አውሮፕላን የሚይዝ ሰው ደግሞ የሚያስበው የተለመደውን ቀን ሳይሆን የከፋውን ቀን ነው። ያለውን ሐዲድ እንጠቀም የሚልም አለ፤ ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሐዲድ ያለው የጅቡቲው መስመር በቢሾፍቱ በኩል ያልፋል፤ ሆኖም የአዲስ አበባው የመንገደኛ ጣቢያ ፉሪ ለቡ ነው፣ ቦሌን አያገኘውም።

የገንዘቡ ነገር ግን ያሠጋል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ475 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ መስከረም 2008 ዓ.ም. ከ2 እስከ 6 ብር እያስከፈለ ጀመረ፤ መለዋወጫው በዶላር፣ ገቢው በብር ስለሆነ ከ41ዱ ባቡር ብዙው ቆመ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ስለዚህ የቦሌ–ቢሾፍቱው ባቡር ዋጋ በአየር ትኬቱ ውስጥ ገብቶ አየር መንገዱ ከሚያገኘው የውጭ ምንዛሪ ይከፈል፤ ለብቻው ቆሞ በብር ትኬት ዕዳ ይክፈል ከተባለ አይችልም። ፍጥነቱ የሚያተርፋቸውን ስምንት ደቂቃዎች ትተን መንገድ ላይ ባሉት በገላንና በዱከም ብናቆመው ደግሞ የፋብሪካው ሠራተኛ ጧትና ማታ ይሞላዋል። ሻንጋይ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ሁለቱን አውሮፕላን ማረፊያዎቿን፣ ሆንግቻውን ከፑዶንግ፣ ያገናኘችበት የባቡር መስመር እንዲሁ መሐል ላይ ጣቢያዎች አሉት፤ በ40 ደቂቃ ገደማ ያደርሳል።

ቀሪው የጊዜ ጉዳይ ነው። ማረፊያው እ.ኤ.አ. በ2030 ይከፈታል ተብሏል። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ሐዲዱ ተዘርግቶ ኤሌክትሪክ ሲጠብቅ ዓመታት አልፈዋልና የባቡር ቀጠሮ እዚህ አገር አይታመንም። ባቡሩ ከዘገየ የመቐለ፣ የጎንደርና የጅግጅጋ ተሸጋጋሪ የቦሌን መጨናነቅ በታክሲ ይሻገራል፤ የአገር ውስጡ በረራ ከባቡሩ መከፈት በፊት ከዓለም አቀፉ እንዳይነጠል አየር መንገዱ ከወዲሁ በጽሑፍ ሊያረጋግጥ ይገባል።