የጭስ ዓሣ ማጥቀሻ

የጭስ ዓሣ ማጥቀሻ በእንጨት ጭስ የበሰለ ዓሣ ተፈርፍሮ ከክሬም ቺዝ፣ ከማዮኔዝ፣ ከሎሚ ጭማቂና ከቅመም ጋር ተቀላቅሎ የሚዘጋጅ ቀዝቃዛ ምግብ ነው። በእንግሊዝኛ «ስሞክድ ፊሽ ዲፕ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ሰዎች ሲሰበሰቡ ከዋናው ምግብ በፊት ይቀርባል፤ ተጋባዦቹም ክራከር፣ የተጠበሰ ዳቦ ወይም ጥሬ አትክልት እያጠቀሱ ይበሉታል። በተለይ በአሜሪካ በፍሎሪዳ ክፍላገርና በታላላቅ ሐይቆች አካባቢ የታወቀ ነው።

ዓሣው አስቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ማጥቀሻውን ለመሥራት እሳት አያስፈልግም፤ ሥራውም ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ሆኖም «ጭስ የነካው ዓሣ አይበላሽም» የሚለው ግምት ትክክል አይደለም። የዛሬው የጭስ ዓሣ እንደ ጥንቱ በጣም ጨዋማና ደረቅ ስላልሆነ፣ ከመበላሸት የሚጠብቀው በዋናነት ቅዝቃዜ ነው። ስለዚህ በዚህ ምግብ ላይ ከአሠራሩ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው አቀማመጡና አቀራረቡ ነው።

ታሪክ

ዓሣን በጨው፣ በማድረቅና በጭስ ማቆየት ማቀዝቀዣ ከመፈልሰፉ ከብዙ ዘመን በፊት በብዙ የዓለም ክፍሎች የተለመደ ነበር። ያን ጊዜ ዋናው ዓላማ ምግቡን ለወራት ማቆየት ስለነበረ ዓሣው ብዙ ጨው ይገባበትና ለቀናት ይጨስ ነበር። ማቀዝቀዣ ከተስፋፋ በኋላ ግን ጭስ በአብዛኛው ለጣዕም ብቻ የሚፈለግ ሆነ፤ ጨውም ቀነሰ።

በፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ በጭስ በማዘጋጀት የታወቀው ዓሣ ሙሌት ይባላል። ሙሌት ጥልቀት በሌለው የጠረፍ ውኃ በመንጋ የሚሄድ፣ አልጌና የበሰበሰ ዕፅ የሚመገብ ዓሣ ነው። ሥጋው ቅባታም ስለሆነ ከተያዘ በኋላ ቶሎ ጣዕሙ ይለወጣል፤ ጭስ ግን በደንብ ይስማማዋል። በዚሁ ክፍላገር በሳውዝ ፓሳዲና ከተማ የሚገኘው «ቴድ ፒተርስ» የተባለው ምግብ ቤት ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጭስ ዓሣ በመሸጥ ይታወቃል።

በኅዳር 1994 እ.ኤ.አ. የፍሎሪዳ መራጮች በሕገ መንግሥት ማሻሻያ በክፍላገሩ የባሕር ውኃ ውስጥ ዓሣን በጉንጩ የሚይዝ የተዘረጋ መረብ እንዳይጠቀም ከለከሉ፤ ክልከላውም ከሐምሌ 1 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጸና። ከዚያ በኋላ ሙሌት በብዛት የሚያዘው በእጅ በሚወረወር ትንሽ መረብ ነው። ከሙሌት በተጨማሪ ለማጥቀሻው አምበርጃክ፣ ኪንግፊሽና ማሂማሂ የተባሉ የባሕር ዓሦች ይውላሉ።

በሰሜን፣ በታላላቅ ሐይቆች ዙሪያ፣ ምግቡ የሚሠራው ዋይትፊሽና ትራውት ከተባሉ የሐይቅ ዓሦች ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ የአይሁድ ምግብ በሚሸጡ ቤቶች የተለመደው «የዋይትፊሽ ሰላጣ» የዚሁ ዘመድ ሲሆን ቤግል በተባለው ቀለበት ዳቦ ላይ ተቀብቶ ይበላል። በአይሁድ የምግብ ሕግ ሥጋን ከወተት ጋር መብላት የተከለከለ ቢሆንም፣ በብዙዎች ዘንድ ዓሣ ከወተትና ከአይብ ጋር ይፈቀዳል። በእንግሊዝ ደግሞ ከማከረል ዓሣ የሚሠራ ተመሳሳይ ምግብ አለ።

ዓሣው በጭስ የሚዘጋጅበት መንገድ

ዓሣን በጭስ የማዘጋጀት ሁለት ዋና መንገዶች አሉ።

በሙቅ ጭስ፦ ዓሣው በአንድ ጊዜ ይጨሳል፣ ይበስላልም። በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መመሪያ መሠረት ለሽያጭ የሚቀርብ የሙቅ ጭስ ዓሣ የውስጥ ሙቀቱ ቢያንስ 63 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ደርሶ በዚያው ለ30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ሥጋው በንብርብር ይለቃል፣ በቀላሉም ይፈረፈራል። ለማጥቀሻ የሚመረጠው ይህ ነው።

በቀዝቃዛ ጭስ፦ ጭሱ ከእሳቱ ርቆ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ዓሣውን ይነካዋል። በስስ ተቆርጦ የሚሸጠው የጭስ ሳልሞን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ዓሣው ጥሬ መልኩን ይይዛል፤ ሙቀት ስላልነካው በውስጡ ያሉ ጀርሞችም አይሞቱም።

በሁለቱም መንገድ ዓሣው መጀመሪያ በጨው ውኃ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ወጥቶ ላዩ እስኪደርቅና ስስ አንጸባራቂ ሽፋን እስኪያወጣ ድረስ በቀዝቃዛ ቦታ ይቆያል። ይህ ሽፋን ጭሱ እኩል እንዲይዝ ይረዳል። ለማገዶ እንደ ኦክና ሂኮሪ ያሉ ጠንካራ እንጨቶች ይመረጣሉ። እንደ ጥድ ያለ ሙጫ የሚያወጣ እንጨት ጥላሸትና መራራ ጣዕም ይሰጣል፤ ቀለም የተቀባ ወይም በኬሚካል የታከመ ጣውላ ደግሞ መርዛማ ስለሆነ ፈጽሞ አይነድም።

ጭስ ምን ይሠራል?

እንጨት ያለ በቂ አየር ሲጨስ፣ እንጨቱን የሚያጠነክረው ሊግኒን የተባለው ንጥረ ነገር ተሰባብሮ ፌኖል የሚባሉ ውሕዶችን ይሰጣል። የጭስ ጣዕምና ሽታ የምንለው በአብዛኛው የእነዚህ ነው። ፌኖሎች ቅባት ቶሎ እንዳይጎመዝዝም ይከላከላሉ። ሌሎች የጭሱ ክፍሎች ከዓሣው ፕሮቲን ጋር ተዋሕደው ወርቃማ ቡናማ ቀለም ያስገኛሉ። አንዳንዶቹ ባክቴሪያን ያዳክማሉ፤ ነገር ግን የሚሠሩት በላዩ ላይ እንጂ ወደ ሥጋው ውስጥ ጠልቀው አይደለም።

በኢትዮጵያም ጭስን ለጣዕምና ለንጽሕና መጠቀም እንግዳ ነገር አይደለም፤ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን በወይራ ጭስ ይታጠናል። ልዩነቱ በዚያ የሚታጠነው ዕቃው ሲሆን በዚህ ምግቡ ራሱ መሆኑ ነው።

ጭስ ጎጂ ውሕዶችም አሉት። ከእነዚህ አንዱ ካንሰር አምጪ የሆነው ቤንዞፓይሪን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጭስ ዓሣ ውስጥ የሚፈቀደውን መጠን በአንድ ኪሎ ግራም 2 ማይክሮ ግራም አድርጎታል። ስብ በፍም ላይ እንዳይንጠባጠብ መከላከልና እሳቱ ሳይንበለበል በዝግታ እንዲጨስ ማድረግ መጠኑን ይቀንሰዋል።

ለምን ከክሬምና ከሎሚ ጋር?

ፌኖሎች ከውኃ ይልቅ በቅባት ውስጥ ስለሚሟሙ፣ ክሬም ቺዝና ማዮኔዝ የጭሱን ጣዕም ተቀብለው በአፍ ውስጥ በዝግታ ይለቁታል። ቅባቱ የዓሣውን ጨውም ያለዝበዋል። የዓሣ ሽታ የሚባለው በዋናነት ትራይሜቲላሚን ከተባለ ውሕድ ይመጣል፤ የሎሚ አሲድ ይህን ውሕድ ወደማይተን መልክ ስለሚለውጠው ሽታው ይቀንሳል። ሽንኩርትና ሰለሪ ደግሞ ለለስላሳው ውሑድ የሚንኮሻኮሽ ነገር ይጨምራሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ከ8 እስከ 10 ሰው ለሚሆን ማጥቀሻ፦

- ቆዳውና እሾሁ የወጣ የሙቅ ጭስ ዓሣ፣ 350 ግራም
- ክሬም ቺዝ፣ 200 ግራም
- ማዮኔዝ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ
- የሎሚ ጭማቂ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ
- በጣም ደቅቆ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ
- ደቅቆ የተከተፈ ሰለሪ፣ 1 ዘንግ
- የሚያቃጥል የቃሪያ ሶስ፣ 1 የሻይ ማንኪያ
- የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ

ጨው በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ዓሣው ራሱ ጨዋማ ስለሆነ ሁሉም ተቀላቅሎ ከተቀመሰ በኋላ ካስፈለገ ብቻ ይጨመራል።

አሠራር

1. ክሬም ቺዙ እስኪለሰልስ ድረስ ለ15 ደቂቃ ያህል ከማቀዝቀዣ ውጭ ይቆያል። ዓሣው ግን እስኪፈለግ ድረስ ከማቀዝቀዣ አይወጣም።
2. እጅ በሳሙና ከታጠበ በኋላ የዓሣው ቆዳ ይገፈፋል። ሥጋው በጣት እየተዳሰሰ ይፈረፈራል፤ ቀጫጭን እሾሆች ከዓይን ይልቅ በጣት ስለሚገኙ ይህ ሥራ በማሽን አይተካም። በተለይ ሕፃናት የሚበሉ ከሆነ ሁለት ጊዜ መዳሰስ ይገባል።
3. ክሬም ቺዙ፣ ማዮኔዙና የሎሚ ጭማቂው እብጠት እስኪጠፋ ድረስ በሹካ ይመታሉ።
4. ሽንኩርቱ፣ ሰለሪው፣ ሶሱና ቁንዶ በርበሬው ይጨመራሉ።
5. ዓሣው መጨረሻ ላይ ይገባና በቀስታ ይገላበጣል። ብዙ ከተመታ ወይም በማሽን ከተፈጨ እንደ ሊጥ ይሆናል፤ የዓሣው ቁርጥራጭ በአፍ ውስጥ ሊታወቅ ይገባል።
6. ክዳን ባለው ዕቃ ሆኖ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ጣዕሙ ይዋሐዳል፣ ውሑዱም ይጠነክራል።

ውሑዱ ከወፈረ ጥቂት ማዮኔዝ ወይም ወተት፣ ከቀጠነ ተጨማሪ ዓሣ ይጨመርበታል። በፍሎሪዳ ጨው ከተነሰነሰበት ክራከር፣ ከሎሚ ቁራጭና በኮምጣጤ ከተዘፈዘፈ ቃሪያ ጋር ይቀርባል።

ደኅንነት

የጭስ ዓሣን በሚመለከት ሦስት አደጋዎች ይጠቀሳሉ።

ሊስቴሪያ፦ ይህ ባክቴሪያ ከብዙዎቹ በተለየ በማቀዝቀዣ ውስጥም ይራባል። ጤነኛ ወጣትን ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ በነፍሰ ጡር ላይ ግን የፅንስ መጨንገፍ ወይም ሞት ሊያስከትል ይችላል። በዕድሜ የገፉና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎችም ለአደጋው የተጋለጡ ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች በማቀዝቀዣ የሚሸጥ የጭስ ዓሣ እንደገና ካልተበሰለ አይመከርም። በቆርቆሮ የታሸገ ዓሣ በፋብሪካ በከፍተኛ ሙቀት ስለሚታከም ሊተካው ይችላል።

ቦቱሊዝም፦ መርዙን የሚያመነጨው ባክቴሪያ አየር በሌለበት ያድጋል። በ1963 እ.ኤ.አ. አየር በወጣለት ፕላስቲክ የታሸገ የታላላቅ ሐይቆች የጭስ ዓሣ የበሉ ሰዎች በቦቱሊዝም ሞተዋል። ያን ጊዜ የተገኘው «ኢ» የተባለው ዓይነት ከ3 ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ ከፍ ባለ ቅዝቃዜ እንኳ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ በዚህ መልክ የታሸገ ዓሣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የአቀማመጥ መመሪያና የመጠቀሚያ ጊዜ በትክክል ሊጠበቅለት ይገባል።

ሂስታሚን፦ እንደ ቱና፣ ማከረልና ማሂማሂ ያሉ ዓሦች ከተያዙ በኋላ ሳይቀዘቅዙ ከቆዩ ሂስታሚን ይፈጠርባቸዋል። ይህ ንጥረ ነገር አንዴ ከተፈጠረ ማብሰልም ሆነ ማጨስ አያጠፋውም፤ የፊት መቅላት፣ ራስ ምታትና ማሳከክ ያመጣል።

ማጥቀሻው በግብዣ ላይ ለረጅም ጊዜ በጠረጴዛ ላይ የሚቆይ ምግብ በመሆኑ የሚከተሉት ደንቦች ይመከራሉ።

- ከማቀዝቀዣ ውጭ በጠቅላላው ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ከ1 ሰዓት አይበልጥም። ከዚህ ያለፈው ይጣላል እንጂ ወደ ማቀዝቀዣ አይመለስም።
- በአንድ ትልቅ ሳህን ከማቅረብ ይልቅ በትንንሽ ሳህኖች ከፋፍሎ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ማውጣት ይሻላል። በጠረጴዛ ላይ በቆየው ላይ አዲስ አይጨመርም።
- ሳህኑን በረዶ በሞላ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ቅዝቃዜውን ያቆየዋል።
- ያልቀረበው ክፍል ከ4 ዲግሪ በማይበልጥ ቅዝቃዜ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ከ4 ሰዓት በላይ ካልሠራ ግን መጣል አለበት።

ሽታና መልክ አስተማማኝ መለኪያ አይደሉም፤ ሊስቴሪያም ሆነ የ«ኢ» ዓይነት ቦቱሊዝም ምግቡን ሳያሸቱ ሊገኙበት ይችላሉ።

በኢትዮጵያ ለማዘጋጀት

የጭስ ዓሣ እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ ትኩስ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ክዳን ባለው የከሰል ምድጃ ላይ፣ ፍሙ በአንድ ወገን ተደርጎ የወይራ ስንጥር እየተጨመረበት፣ ዓሣው በሌላው ወገን ሆኖ ሊዘጋጅ ይችላል። የምግብ ቴርሞሜትር ከሌለ ሥጋው እስከ መሃሉ ድረስ ነጭ ሆኖ በሹካ በቀላሉ እስኪለቅ ድረስ ይበስላል። ከዚያ በቶሎ ቀዝቅዞ ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል። ቆሮሶ ስብ ስለሌለው ይደርቃል፤ ከመጨሱ በፊት ዘይት መቀባት ይረዳል። ጭሱ የሚያፍን ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለው ሥራው ከቤት ውጭ መሆን አለበት።

በክሬም ቺዝ ፈንታ ውኃው በደንብ የተጠነፈፈ አይብ መጠቀም ይቻላል። አይብ ቅባቱ አነስተኛ ስለሆነ ማዮኔዙ ትንሽ ከፍ ይላል። ለማጥቀስ የተቆራረሰ ቂጣ፣ የተጠበሰ ዳቦ ወይም ካሮት ይስማማል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም በሚለው ላይ በምእመናን ዘንድ የተለያየ ልማድ ቢኖርም፣ ይህ ማጥቀሻ የወተት ውጤትና እንቁላል ያለበት ማዮኔዝ ስለሚገባው የጾም ምግብ አይደለም።