የልጆችን መኝታ በጥለት ማስጌጥ

የልጅ መኝታ ክፍል ሲባል ብዙዎቻችን ራሱን የቻለ ሰፊ ክፍል ይታየናል። በባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ የሚኖር የሠራተኛ ቤተሰብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለልጁ የሚሰጠው በመጋረጃ የተከለለች ጥግ ናት። ያችን ጥግ ለማሳመር ከሱቅ ውድ ጌጥ መግዛት አያስፈልግም። ጥቂት ቀለም፣ አንድ ሲባጎና አንድ ቅዳሜና እሑድ ይበቃል። የተከራያችሁት ቤት ከሆነ ግን አስቀድማችሁ አከራያችሁን አስፈቅዱ።

ንድፉንም ከውጭ አገር መጽሔት አትፈልጉ፤ መሶባችሁን አቅርባችሁ ተመልከቱ። ስፌቱ ክብ ሆኖ ሳለ በላዩ የሚወጣው ጌጥ ሦስት ማዕዘን፣ ዳማና የተጣመመ መስመር ነው። ሰፊዋ ይህን የምታወጣው ያለ ወረቀትና ያለ ማስመሪያ አለላውን እየቆጠረች ነው። የነጠላችሁ ጥለትም ያው በቁጥር የተሠራ ነው። ወደ ዘጌ ተሻግራችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ብትጎበኙ ደግሞ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኖ፣ ሥዕሎቹም በመደብ በመደብ ተከፋፍለው ታያላችሁ። (ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም፤ ዑራ ግን እኛንም ይቀበላል። በደቅ ደሴት የሚገኘውን ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው ምዕተ ዓመት ያሠሩትም ሴት ናቸው፤ እቴጌ ምንትዋብ።) ለቤታችሁ የምትወስዱት ሥዕሉን ሳይሆን አከፋፈሉን ነው።

አራቱንም ግድግዳ መቀባት ዓይን ያደክማል። በእኔ አስተያየት በአልጋው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚሄድ አንድ ጥለት ይበቃል። ይህ የትንሽ ልጅ ዓይን የሚያርፍበት ከፍታ ነው። ከሥሩ ያለው መደብ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢሆን ጨለማ ቤት ብርሃን ያገኛል፤ ለጥለቱም ከሦስት ቀለም አትለፉ።

መለኪያውን አስቀድሙ። ግድግዳው 3 ሜትር ከሆነና የሦስት ማዕዘኑ መሠረት 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 15 ይገባሉ። 3 ሜትር ከ10 ቢሆን ግን 15 ከግማሽ ይሆንና የመጨረሻው ጥጉ ላይ ይቆረጣል። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን መሠረቱን 31 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ 10 አውጡ። የጭቃ ቤት ወለል ቀጥ ያለ ስላልሆነ ከወለሉ ብቻ እየለካችሁ አትሂዱ፤ ከግንበኛ ውኃ ልክ ተዋሱ። ከዚያ ሲባጎውን በከሰል ዱቄት ቀለል አድርጋችሁ እሹና ለሁለት ሆናችሁ ወጥሩት፤ መካከሉን ሳብ አድርጋችሁ ስትለቁት ቀጥ ያለ መስመር ይተዋል።

አሁን እናት ሁሉ ልታውቀው ወደሚገባ ነገር ልምጣ። ቀለም ደማቅ እንዲሆን፣ በተለይም ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ የዘይት ቀለም ውስጥ፣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሲገባ ኖሯል። (የምንጽፍበት እርሳስ አይደለም።) ሕፃን ልጅ ወደ ሆዱ ከገባው እርሳስ ሰውነቱ የሚቀበለው ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል፤ የሚጎዳውም አእምሮውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጅ ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ይሁን እንጂ ግድግዳችሁ ላይ ያለው አሮጌ ቀለም ከደንቡ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ አቧራው ወለል ላይ ይወርዳል፣ ከወለል ወደ ልጁ እጅ፣ ከእጁም ወደ አፉ ይገባል። ልጆቹን ወደ ጎረቤት ልካችሁ፣ ግድግዳውን በውኃ አርሳችሁ ፋቁ። ፍቅፋቂውን ሰብስባችሁ ጣሉት እንጂ እሳት ውስጥ አትክተቱት። ወለሉን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ።

አዲሱን ስትገዙ በውኃ የሚቀጥነውን ፕላስቲክ ቀለም፣ ያውም ክዳኑ ያልተከፈተና አምራቹ የተጻፈበትን ምረጡ። በኖራ የምትቀቡም ዓይናችሁንና እጃችሁን ተጠንቀቁ፤ ያቃጥላል። የጣና ዳር ክረምት ለዚህ ሥራ አይመችም፤ እርጥብ ጭቃ ላይ የተቀባ ቀለም በጥቂት ወራት ይላጣል። ጥቅምት ገብቶ ግድግዳው እስኪደርቅ ጠብቁ። ከቀባችሁም በኋላ መስኮቱን ክፈቱ፤ ልጁ ሁለት ሌሊት ያህል ከእናንተ ጋር ይተኛ፤ አልጋውም እስከዚያ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይቆይ።